ሦስቱ ከሲታ ዓመታት

አጥኚዋ እርጥቡን ስፖንጅ በእንጨቱ ገጽ ላይ አንዴ ሳበችና ዓይኗን መልሳ ማይክሮስኮፑ ላይ ደፋች። ውሃ የነካው እንጨት ለአፍታ ይጠቁርና ቀለበቶቹ ፍንትው ብለው ይወጣሉ፤ ሲደርቅ ደግሞ ተመልሰው ይደበዝዛሉ። ጥበቡ በዚያች አፍታ ማየት ነው። በመርፌ ጫፍ እየነካካች ከቅርፊቱ ወደ እምብርቱ ሄደች፤ ከእምብርቱ ወደ ቅርፊቱ ተመለሰች።

ሦስቱ ከሲታዎች የሉም።

ከዚያ ሸለቆ የሚመጣ አሮጌ እንጨት ሁሉ አሉት። ዛፍ በየዓመቱ በግንዱ ዙሪያ አንድ ቀለበት ይጨምራል፤ በጥጋብ ዓመት ወፍራም፣ በችግር ዓመት ቀጭን። ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ሰማይ ሦስት ዓመት አከታትሎ ጨክኖ ነበርና በዚያ ዘመን የነበሩ ዛፎች ያተረፉት እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሦስት መስመሮችን ብቻ ነው። የላብራቶሪው ሰዎች «ከሲታዎቹ» ብለው ስም አወጡላቸው። አዲስ እንጨት ሲገባ መጀመሪያ የሚፈለጉት እነሱ ናቸው። እነሱ ከተገኙ፣ ዛፉ በየትኛው ዘመን በቅሎ በየትኛው እንደሞተ ማወቅ የቆጠራ ጉዳይ ይሆናል።

ጠረጴዛዋ ላይ ያለው ቁራጭ ደግሞ ተራ ቁራጭ አልነበረም። ከወንዙ ዳር፣ ግማሽ ጎኑ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ከተገኘ ግንድ ላይ እንደ ሐብሐብ ስንጥቅ ተቆርጦ የመጣ ነው። የላብራቶሪው ኃላፊ የሆኑት መምህሯ ለከተማው ኮሚቴ ያቀረቡት ሪፖርት የቆመው በእሱ ላይ ነው። በተራራው ራስ ላይ ያለው ሐይቅ በጥንት ዘመን የከለለውን የአፈርና የድንጋይ ቁልል ጥሶ ሸለቆውን እንደጠረገው የሚጠራጠር የለም፤ ብዙ ዛፎች መስክረዋል። ሪፖርቱ ግን አንዴ ሳይሆን ሁለቴ ነው ይላል፤ ሁለተኛው የደረሰው ከመጀመሪያው በኋላ አንድ ትውልድ እንኳ ሳያልፍ ነው፤ ስለዚህ ሐይቁ ልማደኛ ነውና በታችኛው ሜዳ ላይ ሰው አይስፈር ይላል። ለሁለተኛው ጎርፍ ያለው ምስክር ይህ አንድ እንጨት ብቻ ነው። እንጨቱ የዚያ ሸለቆ ካልሆነ ሁለተኛ ጎርፍ የሚባል ነገር የለም። ሁለተኛ ጎርፍ ከሌለ፣ ሜዳው ላይ ተሠርተው ያለቁት አዳዲስ ቤቶች የሚያሰጋቸው ነገር አይኖርም።

ከእነዚያ ቤቶች አንዱ የወንድሟ ነው።

ኮሪደሩ ላይ ኮቴ ተሰማ። የመምህሯን አረማመድ ታውቀዋለች፤ ቀኝ እግራቸውን ትንሽ ይጎትታሉ። ሳታስበው አጠገቧ የነበረውን ጋዜጣ አንስታ ቁራጩ ላይ ጣለችበት።

«በጠዋቱ?» አሉ ሽማግሌው፣ በሩን ገርበብ አድርገው።

«ትናንት ያልጨረስኳት ነገር ነበረች ጋሼ።»

ዓይናቸው ጠረጴዛው ላይ ቆየ። «ጋዜጣ በማይክሮስኮፕ ማንበብ ጀመርሽ?»

ሳቀች። እሳቸውም ሳቁ። ሁለቱም ሳቃቸውን ቶሎ አቆሙ።

«በይ፣ ከሰዓት አዳራሹ ውስጥ እንገናኝ» ብለው እግራቸውን እየጎተቱ ሄዱ። ኮቴው እስኪጠፋ ድረስ ትንፋሿን ይዛ ቆየች። ከዚያ አፈረች። ከእኚህ ሰው እንጨት ደብቃ አታውቅም። ከተማሪነቷ ጀምሮ ያደገችው እጃቸው ላይ ነው። ባልደረቦቿ «ቀለበት» ብለው ሲጠሯት፣ ዘመድ አዝማድ ደግሞ «ለራሷ አንድ ቀለበት ሳታጠልቅ የዛፍ ቀለበት ትቆጥራለች» እያለ ሲያሽሟጥጥባት፣ «ተያቸው፤ የዛፍ ቀለበት አይፋታም» ብለው የሚያስቋት እሳቸው ነበሩ። ገና በመጀመሪያው ቀን ክፍል ገብተው «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብለው ሰሌዳው ላይ የጻፉትን አትረሳውም። «ይህ ተረት ለእኛ ነው የተተረተው» አሉ፤ «መመንጠር የዛፍ ነገር ነዋ!» እንጨቱን ጠርጥሩ፣ ዓይናችሁን ጠርጥሩ፣ እኔንም ጠርጥሩ ይሉ ነበር። በዚያ ሁሉ ዓመት ሦስተኛውን ትእዛዝ የምትፈጽምበት ምክንያት አግኝታ አታውቅም።

አሁን ምክንያቱ በላይ በላዩ ይደረብባት ጀመር። የሌሎቹ ቁራጮች መለያ ወረቀት ሁሉ ወይቦ ጠርዙ ተልጧል፤ የዚህ ግን ነጭ ነው፣ በእሳቸው እጅ እንደ አዲስ የተጻፈ። የመጋዘኑ ቁልፍ ድሮ በሩ አጠገብ ምስማር ላይ ነበር የሚንጠለጠለው፤ ካለፈው ክረምት ወዲህ ከእሳቸው ኪስ አይወጣም። ዛሬ እንኳ የገባችው የጽዳት ሠራተኛዋን ተከትላ ነው። ደግሞ ሜዳው ላይ ቤት መሠራቱን ከጅምሩ ጠልተውታል፤ በስብሰባ መሃል ብድግ ብለው «እዚያ ጡብ ከምትጥሉ እኔን ቅበሩበት» እያሉ መጮኻቸውን ያልሰማ የለም። ሰው አንድን ነገር ይህን ያህል ከጠላ፣ ከሌላ ሸለቆ አንድ ግንድ...

ሐሳቡን እዚያ ላይ ቆረጠችው። የተቆረጠ ሐሳብ ግን እንደ ባሕር ዛፍ ነው፤ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል።

ስልኳ ጮኸ። ወንድሟ ነው።

«እቴ፣ መኪናው ተጭኗል! እማዬ ከሹፌሩ ጎን እንደ ጄኔራል ተቀምጣለች፤ ትንሽ ቆዪ ብላት አሻፈረኝ አለች።»

«ዛሬ ነው እንዴ? ኮሚቴው ሳይወስን?»

«ምን ቀረው? ማታ እንጨቱ ያጠራጥራል ያልሺኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ? እኔ እህቴን አምኜ ነው የጫንኩት።»

ማታ ራት ላይ አንዲት ቃል ነበር የወጣቻት። የወንድሟ ልጆች ሻንጣ ላይ ተቀምጠው ይበሉ ነበር፤ የእሷና የወንድሟ እናት በደከመ ጉልበቷ ደረጃውን ለመውጣት ግድግዳውን ይዛ ታቃስት ነበር። ወንድሟ ትዳር ከያዘ ጀምሮ ከአንዱ ኪራይ ቤት ወደ ሌላው ሲንከራተት ኖሯል፤ «በሰው ግቢ ልጅ ድምፁን ከፍ አድርጎ አይስቅም» ይላል ሁልጊዜ። ይህንን እያየች ነው «ያጠራጥራል» ያለችው። ደስ ልታሰኘው ፈልጋ ይሆን? አላወቀችም።

«ለማን ነገርክ?» አለችው።

«ለማን እነግራለሁ? ለጎረቤቶቹ... ለኮሚቴው ጸሐፊ ደግሞ ጣል አደረግኩለት። ጭንቅ ብሎታል ሰውዬው፤ ደግ ሰው እኮ ነው።»

ስልኩን ከመዝጋቷ ደጉ ሰውዬ ራሱ ደወለ። ድምፁ ማር የተቀባ ነው።

«እህቴ፣ እኔ በሙያሽ አልገባም። ግን ከሰዓት ‹እንጨቱ የዚህ ሸለቆ ነው ወይ?› የሚል ጥያቄ ሲነሳ፣ እሳቸው ሳይሆኑ አንቺ ብትመልሺ ይሻላል። ሽማግሌውም ደክመዋል። ላብራቶሪው የወጣት ጉልበት ይፈልጋል፤ ይገባሻል አይደል?»

ገባት። ትናንት አንድ ሰው ነበር የምትጠረጥረው፤ ፀሐይ ሳትሞቅ ወንድሟና ጸሐፊው ተጨምረው ሦስት ሆኑ። አራተኛም ሰው ነበረች፤ እሷን ግን ገና ልብ አላለቻትም።

ቁራጩን በጋዜጣው እንደተጠቀለለ ይዛ ወደ መምህሯ ክፍል ሄደች። ግድግዳው በሙሉ ወለል ድረስ ክብ የግንድ ቁራጮች ተደርድረውበታል፤ ሽማግሌው በመሃላቸው ትንሽ ሆነው ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህ እንጨት ላይ ከሲታዎቹ የሉም።»

«የሉም» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ መገረም አልነበረም።

«ያውቁ ነበር?»

«ካየሁት ቀን ጀምሮ።»

«ታዲያ ዓመቱን እንዴት ቆጠሩት?»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ከእነሱ በፊት ያለው ከሸለቆው ዛፎች ጋር ይገጥማል። ከእነሱ በኋላ ያለው ደግሞ ሦስት ዓመት ሲጨመርበት ይገጥማል። የመጀመሪያው ጎርፍ ሲመጣ ይህ ዛፍ ገና ለጋ ነበር። ጎርፉ አልገደለውም፤ ሥሩን ባንድ ወገን በድንጋይ አፈነው። ወዲያው ድርቁ ሲከተል ያ የታፈነው ወገን ሦስቱን ዓመት ጨርሶ ሳያድግ ቀረ። እኛ የቆረጥነው የተራበውን ወገን ነው። ደህናው ወገን ከአሸዋው ስር ነበር፤ ወንዙ ሞልቶብን መቆፈር አልቻልንም።»

«ይህን ሪፖርቱ ላይ አልጻፉትም።»

መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ይወለውሉ ጀመር።

«ሦስት ዓመት ከኪስዎ አውጥተው ነው የጨመሩት።»

«ኮሚቴ ‹ይመስለኛል› የሚለውን ቃል እንዴት እንደሚያነበው ታውቂያለሽ?» አሉ። «‹አይደለም› ብሎ ነው የሚያነበው። ‹ይመስለኛል› ብዬ ብጽፍ ኖሮ ሳምንት ሳይሞላ ሰው ያሰፍሩ ነበር። ሕፃናት አሉ እኮ።»

ይህ መልስ እውነት ለመሆን ከልክ በላይ የተመቻቸ መሰላት። «የመለያ ወረቀቱስ?»

«ሻገተ፤ ቀየርኩት።»

«የመጋዘኑ ቁልፍስ?»

ረጅም ጊዜ አዩዋት። «ቁልፉንም?» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «ባለፈው ዝናብ የወንዙ ዳር ተንዷል ሲሉ ሰምቻለሁ። ሂጂና ግንዱን ራሱን ጠይቂው። እኔ ጉልበቱ የለኝም። አንድ ነገር ግን ንገሪኝ፤ እኔን መጠርጠር የጀመርሽው እንጨቱን ካየሽ ጀምሮ ነው ወይስ ወንድምሽ ቤት ካገኘ ጀምሮ?»

በሩን ሳትዘጋ ወጣች።

የላብራቶሪውን አሮጌ ፒክአፕ እየነዳች ወደ ሸለቆው ወረደች። ጥያቄያቸው ከጎኗ እንደ ተሳፋሪ ተቀምጧል። ተንኮለኛ ጥያቄ ነው አለች ለራሷ፤ የተያዘ ሰው የሚወረውረው ጥያቄ። ግን ያ ቁራጭ መጋዘኑ ውስጥ ከገባ ሁለት ክረምት አልፎታል። በመጀመሪያው ክረምት ለምን አውጥታ አላየችውም? ወንድሟ የቤቱ ዕጣ ወጣልኝ ብሎ እያለቀሰ ሲደውልላት አብራው አልቅሳ፣ በማግስቱ ሪፖርቱን ከመጀመሪያ ገጹ ማንበብ መጀመሯን አስታወሰች።

ሜዳው ላይ ቤቶቹ በረድፍ ቆመዋል። ቀለማቸው ገና ይሸታል፤ የአንዳንዶቹ መስኮት ላይ የተለጠፈው ፕላስቲክ አልተነሳም። ልጆች በባዶው መንገድ ላይ ብስክሌት ይነዳሉ፤ በቀኝ በኩል ፍራሽና ወንበር የተቆለለበት የጭነት መኪና ቆሟል። የወንድሟ ይሆን ብላ ፈርታ፣ ላለማየት አንገቷን ወደ ግራ አዞረች።

ወንዙ ዳር ስትደርስ የግንባታው ዘበኛ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ጠበቃት።

«ምን ፍለጋ ነው?»

«እንጨት።»

«ማገዶ ከሆነ ወዲያ ማዶ ነው።»

«ማገዶ አይደለም። ያረጀ እንጨት ነው፤ አሸዋው ውስጥ የተቀበረ።»

አካፋዋን አየ፤ መጋዟን አየ፤ ቀና ብሎ ፊቷን አየ። «እዚህ ወርቅ ተቀብሯል ይባላል» አለ። «መጥቶ የሚቆፍር ሁሉ ታዲያ ወርቅ ፈልጌ ነው አይልም። አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ትል ለዓሣ ይላል። እንጨት ያለ ግን የለም፤ አንቺ ትሻያለሽ።»

«ቆመው ይዩኝ እንግዲህ።»

«ቆሜ ነው የማይሽ!» ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

የወንዙ ዳር እንደተባለው ተንዷል። ግንዱ እንደ ተኛ ከብት ጎኑን አውጥቶ አገኘችው፤ ከዚያ ቀደም የተቆረጠበት ቦታ ላይ የመጋዙ ምልክት ጠቁሮ ይታያል። የዚህ ሸለቆ ስለመሆኑ ግንዱን ማየት ብቻውን አይበቃም፤ ሰው ያመጣውን ግንድ ወንዝ ዳር አስተኝቶ አሸዋ ማልበስም ይቻላል። እንዲህ ብላ ማሰቧ ራሷን አስደነገጣት። አንድ ሽማግሌ እግሩን እየጎተተ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ግንድ ተሸክሞ ሲወርድ በዓይነ ሕሊናዋ አየችው። ጥርጣሬ እዚህ ድረስ ያስኬዳል?

ከስሩ ያለውን አሸዋ ጫር ጫር እያደረገች አወጣች። ውሃው እየሰረገ ይመጣል፤ እሷ እየጨለፈች ትደፋለች። ውሃው ጫማዋ ውስጥ ገባ፤ ሱሪዋ እስከ ጉልበቷ ራሰ። ወንዙ ከአጠገቧ በድንጋዮቹ መሃል ይንኮለኮላል፤ በዚህ ወቅት ቁርጭምጭሚት አይሸፍንም።

«እቺን ወንዝ ነው ሰው የሚፈራው?» አለ ዘበኛው። «ጎርፍ ትሆናለች እያሉ ሲያወሩ እሰማለሁ። የኔ ልጆች እንኳ ይሻገሯታል።»

«ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል።»

«እሱስ ይባላል» አለ፤ ግን ዞር ብሎ ወንዙን አየው።

እጇ እስኪዝል ቆፍራ የግንዱን የታች ወገን አገኘች። መጋዙን አስገብታ አንድ ጠባብ ስንጥቅ ቆርጣ አወጣች። ርሶ ይከብዳል፤ የጭቃ ሽታ አለው። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ገጹን በምላጭ እየላገች አለሰለሰችው፤ አጉሊ መነጽሯን ከአንገቷ አንስታ ዓይኗ ላይ አደረገች።

ከእምብርቱ ተነሳች። ለጋው ዘመን ወፍራም ነው፤ ዛፉ ተመችቶት ነበር። ከዚያ ድንገት የተጨማደደ፣ የተዛባ ዓመት መጣ፤ የመጀመሪያው ጎርፍ። መርፌዋን አንድ ቀለበት ገፋ አደረገች።

አንድ። ሁለት። ሦስት። ጎን ለጎን፣ እንደ ፀጉር።

እንጨቱን ወደ ጎን አዘነበለችው። ከሲታዎቹ ወደተራበው ወገን ሲጠጉ እየቀጠኑ፣ እየቀጠኑ ሄደው እንደ ጠፋ መንገድ ድምጥማጣቸው ይጠፋል። ከዚያ ወዲያ ዛፉ ቀስ በቀስ አገግሟል፤ ጎልምሷል፤ ዳግመኛ ወፍሯል። የመጨረሻው ቀለበት ግን ግማሽ ላይ ቀርቷል። ያ ዓመት አላለቀለትም።

መጀመሪያ የተሰማት ደስታ አልነበረም፤ እፎይታም አልነበረም። ስንጥቋን ወንዙ ውስጥ መወርወር አማራት። ውሃው ይወስዳታል፤ ዳርቻው በሚቀጥለው ዝናብ ይደረመሳል፤ አዳራሹ ውስጥ «ከሲታዎቹ የሉም» ብትል አንዲትም ውሸት አልተናገረችም፤ በዚያ ቁራጭ ላይ የሉማ! እማዬ ከእንግዲህ ደረጃ አትወጣም። ልጆቹ ይስቃሉ። ያን ጊዜ ነው አራተኛዋን ሰው ያወቀቻት። ከሁሉም በፊት ልትጠረጥራት የሚገባት እሷ ነበረች፤ ከጠዋት ጀምሮ አብራት ስትውል አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ብላ አላየቻትም።

«ተገኘ?» አለ ዘበኛው፣ ተነስቶ እያጎነበሰ።

«ተገኘ።»

«ወርቅ ነው?»

«አይደለም።»

እጇን፣ ኪሷን፣ የቆፈረችውን ጉድጓድ ተራ በተራ መረመረ። «የፈለግሽውን አግኝተሽ ታዲያ ፊትሽ ምን ያጠቁረዋል?» አለ። እስክትሄድ ድረስ ዓይኑን አልነቀለባትም።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ከፊት የኮሚቴው አባላት በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል፤ ሰብሳቢዋ ወፍራም መነጽር ያደረገች፣ ቃል የማታባክን ሴት ነች። ጸሐፊው ከጎኗ ሆኖ ለአጥኚዋ በዓይኑ ሰላምታ ሰጣት። መምህሯ በመጀመሪያው ረድፍ ጫፍ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል፤ ከጎናቸው ያሉት ወንበሮች ባዶ ናቸው። ወንድሟ ከኋላ፣ ከአዲሶቹ ነዋሪዎች መሃል ቆሟል። ዕቃ ሲያወርድ የዋለ ሸሚዙ አቧራ ለብሷል። ስትገባ ፈገግ አለላት። ጭቃ የሆነውን ሱሪዋን ሲያይ ፈገግታው ግማሽ ላይ ቆመ።

«ጥያቄው አጭር ነው» አለች ሰብሳቢዋ። «ሪፖርቱ የተመሠረተበት እንጨት የዚህ ሸለቆ ነው ወይስ አይደለም?»

አጥኚዋ እርጥቧን ስንጥቅ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ውሃው እየተንጠባጠበ የአንዱን አባል ወረቀት ሲያርስ ሰውየው ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ።

«የዚህ ሸለቆ ነው» አለች። «ዛሬ ከራሱ ከግንዱ ላይ ቆርጬ አይቼዋለሁ። ጎርፉ ሁለት ጊዜ መጥቷል። ይህ ዛፍ አንደኛውን በለጋነቱ አልፎታል፤ ሁለተኛው ገድሎታል።»

ከኋላ ጉርምርምታ ተነሳ። ወደዚያ አላየችም።

«ጠዋት የሰማነው እንዲህ አልነበረም» አለ ጸሐፊው። ድምፁ ላይ ያለው ማር አልቋል።

«ጠዋት ተሳስቼ ነበር።»

«እንግዲያው በሪፖርቱ ሙሉ በሙሉ ይስማማሉ ማለት ነው?» አለች ሰብሳቢዋ።

አዎ ብላ መቀመጥ ትችል ነበር። መምህሯን አየቻቸው። አንገታቸውን ቀና አድርገው ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚለምን ሰው መሰሏት። ለራሳቸው ይሁን ለሜዳው ልጆች መለየት አልቻለችም።

«አልስማማም» አለች። «ሪፖርቱ ሲጻፍ ይህ ማስረጃ አልነበረም። ሦስት ዓመት በግምት ተሞልቷል፤ ግምት መሆኑም አልተነገራችሁም። ግምቱ ግን ልክ ነበር።»

የመጨረሻዋን ቃል የሰማት ሰው አልነበረም። አዳራሹ እንደ ተነካ ቀፎ ሆነ። «በግምት ነው እንዴ ከቤታችን የሚያስወጡን!» አለ አንዱ። «ሽማግሌው አጭበርብረዋል!» አለች ሌላዋ። ጸሐፊው ወደ ሰብሳቢዋ ጆሮ ጎንበስ አለ። ሰብሳቢዋ ጠረጴዛውን ብትመታም ብትመታም ጸጥታ አልመጣም፤ በመጨረሻ በጩኸቱ ላይ እየጮኸች ውሳኔውን አነበበች። ከሌላ ቦታ በሚመጡ ባለሙያዎች ጥናቱ እንደገና ይሠራ። እስከዚያ አዲስ ሰው አይግባ። የላብራቶሪው ኃላፊ ለጊዜው ከሥራቸው ይታገዱ። ገብተው ያሉ ነዋሪዎች ለጊዜው ባሉበት ይቀመጡ።

በሩ ላይ መምህሯን ደረሰችባቸው። «ጋሼ...»

«ትክክል ነው ያልሽው።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ...»

«ትክክል ነው አልኩሽ።» እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አሳረፉና አነሱት። እግራቸውን እየጎተቱ በሰው መሃል ሄዱ፤ ሰዉ ደግሞ እንዳይነካቸው መንገድ ይለቅላቸው ነበር። ይቅር ብለዋት ይሁን ተሰናብተዋት ከጀርባቸው ለማንበብ ሞከረች፤ አልሆነላትም።

ወንድሟ ደጅ ቆሞ ጠበቃት። «ባሉበት ይቀመጡ ተብሏል፤ ሰምተሻል» አለ። «እኔ ገብቻለሁ።»

«ወንድምዓለም፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ሐይቁ...»

«ማታም አይተሽ ነበር» አላት። «ጠዋት ሌላ፣ ከሰዓት ሌላ። ነገ ምን ታዪ ይሆን? ማን ምን ቃል ገባልሽ እቴ? እውነቱን ንገሪኝ።»

«ምንም ቃል የገባልኝ የለም።»

አንገቱን ነቀነቀ፤ እንዳላመናት ታወቃት። ጠዋት መምህሯን ስታይ የነበረው የራሷ ዓይን እንዲህ ሳይሆን አይቀርም ስትል አሰበች። ወንድሟ ጥሏት ሄደ።

አመሻሹ ላይ ሜዳው ቤት ድረስ ሄደች። በሩ ክፍት ነው። ሳሎኑ በካርቶን ተሞልቷል፤ ልጆቹ ከክፍል ክፍል እየሮጡ ድምፃቸው በባዶው ግድግዳ ሲመለስላቸው ይንከተከታሉ። እናቷ ከኋላ ባለው ክፍል፣ ያልተገጣጠመ አልጋ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ የአልጋ ልብስ ታጥፋለች። ፊቷ እንዲህ ፈክቶ ካየችው ብዙ ዘመን ሆኗታል።

«መጣሽ? እይው እስኪ ወለሉን፣ አንዲት ደረጃ የለው! ከወጥ ቤት እስከዚህ ማንንም ሳልይዝ መጣሁ።»

«እማዬ፣ ለጥቂት ጊዜ እኔ ጋ ብትቀመጪ...»

የእናቷ እጅ በልብሱ ላይ ቆመ። «ወንድምሽ ነግሮኛል» አለች። «እኔ ስለ እንጨት ምን አውቃለሁ? እሱ ሌላ ይላል፣ አንቺ ሌላ ትያለሽ። ሁለታችሁም የወለድኳችሁ ናችሁ። የትኛችሁን ልጠርጥር?»

በመስኮቱ በኩል የሸለቆው አፍ ይታያል፤ ከበላዩ ተራራው፤ ከተራራው በላይ ምንም አይታይም። የውሃው ድምፅ እስከዚህ ይሰማል፤ ትንሽ ነው፣ ደስ ይላል።

ወንድሟ መፍቻ ይዞ ገባ። አያት፤ አላናገራትም። ተንበርክኮ የአልጋውን ብሎኖች አጠበቀና ግርጌውን ያዘ። ለብቻው ሊጎትተው ሲል እሷን አይቶ እንዳላየ ሆኖ ቆም አለ፤ እሷም ሄዳ ራስጌውን ያዘች። አነሱት።

«ራስጌውን በየት በኩል ላድርገው እማዬ?» አለ ወንድሟ።

«ወደ መስኮቱ እንጂ» አለች እናቷ። «ንፋስ እንዳገኝ።»

«አይ» አለች አጥኚዋ። ከብዷት ትንፋሿ ይቆራረጥ ነበር። «ወደ መስኮቱ አይሁን። ስትነሳ ቀጥታ ወደ በሩ በሚያስወጣት በኩል ይሁን። እስከ በሩም ምንም ዕቃ አታስቀምጡ።»

ወንድሟ ቀና ብሎ ፊቷን አየ። አልጋው በሁለቱ መሃል ተንጠልጥሎ ቆየ። ከወዲያኛው ክፍል የልጆቹ ሳቅ መጥቶ አለፈ። ዓይኑን ከእሷ ሳያነሳ ግርጌውን ቀስ ብሎ ማዞር ጀመረ፤ ወዴት እንደሚያዞረው ግን ገና አልታወቀም።